የተራበን ማብላት፣ የተራበን ማክበር



የተራበን ማብላት ከሥጋዊ የምሕረት ሥራዎች የመጀመሪያው እንደ ሆነ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። ይህ ግዴታ በግለሰብ ላይ ብቻ የተጣለ አይደለም፤ መንግሥትም ይጠየቅበታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ90ኛው አንቀጽ፣ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች ሁሉ ምግብ እንዲያገኙ የሚያደርግ ፖሊሲ እንዲኖር ያዛል። ስለዚህ መንግሥት የሕዝቡን ረኀብ ለማስወገድ ይሥራ ወይስ አይሥራ ብሎ መከራከር አያስፈልግም። ልናነሣው የወደድነው ጥያቄ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ ሰውን ሳያማክሩ መመገብ ፍትሕ ሊባል ይችላልን?

ኦሪት ዘፍጥረት ስለ ዮሴፍ የሚተርከውን እናስታውስ። ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል አከማችቶ በሰባቱ የረኀብ ዓመታት ግብፅን ከሞት አዳነ። ይህን ለልጆቻችን ደጋግመን እናስተምራለን፤ በምዕራፍ 47 የተጻፈውን ግን ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን። ሕዝቡ እህሉን ያገኘው በመጀመሪያ ብሩን፣ ቀጥሎ ከብቱን፣ በመጨረሻም መሬቱንና ራሱን ለፈርዖን አስረክቦ ነው። ነፍሱ ተረፈች፤ ባለቤትነቱ አልተረፈም። ቅዱስ መጽሐፍ ዮሴፍን በዚህ አይወቅሰውም፤ ሕዝቡም አመስግኖታል። ሆኖም ቀጥሎ የሚገኘው መጽሐፍ፣ ኦሪት ዘጸአት፣ በባርነት ታሪክ እንደሚጀምር ልብ ማለት ይገባል።

ይህ ነገር ለአሶሳና ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምድር ሩቅ ታሪክ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ወሎንና ትግራይን በፈጀ ጊዜ የደርግ መንግሥት 600,000 ያህል ሰዎችን ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ወስዶ አሰፈረ። በዚያን ጊዜ በወለጋ ሥር የነበረው አሶሳና በጎጃም ሥር የነበረው መተከል ከዋነኞቹ የሰፈራ ቦታዎች መካከል ነበሩ። ለተራበ ወገን መሬት መስጠት በራሱ መልካም ነው። ነገር ግን ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ ሳይወዱ የተጫኑና ከቤተሰባቸው የተነጠሉ ነበሩ። በምድሪቱ ላይ ማሽላውን እየዘራ፣ ማሳውን እያሳረፈ፣ ከጫካው ማርና ሥራሥር እየለቀመ፣ በቀርከሃ ቤቱን እየሠራ የኖረው ነባር ሕዝብም ምን ትላለህ ተብሎ አልተጠየቀም። አንዱ ተገድዶ መጣ፤ ሌላው ሳይጠየቅ ተቀበለ።

ይህን የምንለው ማንንም እንግዳ ለማሰኘት አይደለም። የሰፋሪዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ ከበርታው፣ ከጉሙዙ፣ ከሺናሻው፣ ከማኦውና ከኮሞው ጋር የዚህ ምድር ልጆች ናቸው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በካማሺና በመተከል ብዙ ሕይወት የጠፋበትና እጅግ ብዙ ሰው የተፈናቀለበት ግጭትም መነሻው ብዙ ነው፤ በአንድ ምክንያት ተተርጉሞ አያልቅም። ሆኖም ሳይመካከሩ የተመሠረተ ጉርብትና በክፉ ቀን ለከፋፋይ ሰው እንደሚመች ማንም አይስተውም።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ተበታትኖ የሚኖረውን ገበሬ በመንደር የማሰባሰብ ሥራ ያዘ። ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም፤ ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላ፣ የውኃ ጉድጓድና የልማት ሠራተኛ በየጫካው ለተበተነ ጎጆ ሁሉ ማዳረስ ከባድ ነው። ነገር ግን አንዱን ማሳ አሳርፎ ሌላውን ለሚከፍት ገበሬ በአንድ ስፍራ መርጋት ማለት የአስተራረስን ልማድ ሁሉ መለወጥ ማለት ነው። ይህን ያህል ለውጥ ሲመጣ የመጀመሪያው ቃል የገበሬው ሊሆን በተገባ ነበር። ሕገ መንግሥቱም በ43ኛው አንቀጽ ማኅበረሰቡን በሚመለከት የልማት ሥራ ላይ ሐሳቡ እንዲጠየቅ መብት ሰጥቶታል።

በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ከእነዚህ የሚለይበት መልካም ጠባይ አለው። ወተት፣ እንቁላል፣ ማርና ሥጋ በቤተሰቡ ጓሮና ደጅ እንዲገኝ ስለሚጥር ሰውን ከስፍራው አይነቅልም፤ የእናቶችንም እጅ ያበረታል። ቢሆንም ጥያቄያችን እዚህም ይከተለዋል። ሌማት የእንጀራ ዕቃ ነው፤ በበርታና በጉሙዝ ቤት ግን የማሽላ ገንፎ ይቀርባል። ስሙ ራሱ፣ የእናንተ ማዕድ ምን ይመስላል ብለን እንድንጠይቅ ያሳስበናል። መኖና ክትባት ሳይታሰብላት የታደለች ዶሮም ከቤተሰቡ ማዕድ ይልቅ ለሪፖርት ትጠቅማለች። በሌላ በኩል የአሶሳን ማንጎ እንመልከት። ዛፉን የሚንከባከበው ቤተሰቡ ራሱ ነው። ነጭ የማንጎ ተባይ በ2002 ዓ.ም. ገደማ በምሥራቅ ወለጋ ከታየ በኋላ እስከ አሶሳ ደርሶ ዛፉን ጐድቶታል፤ ከተባዩ የተረፈውም ፍሬ ቶሎ የሚበላሽ ነውና ገበያና መንገድ ይሻል። ሰው በገዛ ፈቃዱ የጀመረውን ሥራ በተባይ መከላከያ፣ በመንገድና በገበያ መደገፍ ከምክክር የሚወለድ እርዳታ ነው።

«የተራበ ሰው ምክክር አይበላም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ከተነሣው ጦርነት ሸሽቶ ወደ አሶሳ አካባቢ ለደረሰ ስደተኛ አስቀድሞ የሚገባው ምግብ ነው፤ ጥያቄ ሊቀድም አይገባም። ከሞት የማዳን ሰዓት ግን ወሰን አለው። ወሰኑ ካለፈ በኋላ ሰውን እንደ ተረጂ ብቻ መቍጠር በደል ይሆናል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ በ1961 እ.ኤ.አ. በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት የገበሬው እድገት ዋና ሠራተኛ ገበሬው ራሱ መሆን እንዳለበት አስተምረዋል። ከእርሳቸውም በፊት ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1931 እ.ኤ.አ.፣ ታናሹ ማኅበር ሊሠራው የሚችለውን ታላቁ እንዳይነጥቀው አስጠንቅቀዋል።

ይህ መመዘኛ ለባለ ሥልጣን ብቻ የቀረበ አይደለም። በየቁምስናችን ዘር ወይም እህል ስናድል፣ ተቀባዮቹ የትኛውን ዘር እንደሚሹና ለማን ይቅደም እንደሚሉ መጠየቅ ይገባናል። የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራም ምእመናን ይገኙ፤ በተለይም በስብሰባ መካከል ለመናገር ለሚፈራው ጎረቤታቸው ቦታ ያስገኙለት። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም የዮሴፍን ታሪክ ሲያስተምሩ ምዕራፍ 47ን አይለፉት።

ጌታችን በምድረ በዳ አምስቱን ሺህ ሊመግብ ሳለ ሁሉን የሚችል ነበርና እንጀራውን ከምንም ማምጣት አያቅተውም ነበር። እርሱ ግን፣ ቅዱስ ማርቆስ እንደ ጻፈው፣ አስቀድሞ ምን ያህል እንጀራ እንዳላቸው ጠየቃቸው፤ ሄደውም እንዲያዩ አዘዛቸው። ከዚያ በኋላ በእጃቸው የተገኘውን ተቀብሎ ባረከ።