የኮሶ ሻጭ ልጅ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ተረት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በጎልማሶች መካከል ስለሚነሣ ጠብና ቂም ነው፤ ነገር ግን አጥብቀን ብንመረምረው ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው ለልጅነት ዘመን ሆኖ እናገኘዋለን። ጎልማሳ ቢሰደብ አጸፋውን ይመልሳል፥ ወይም ዳኛ ይጠራል፥ ወይም ንቆ ያልፋል። ሕፃን ግን የሚመልስበት አንደበት፥ የሚከስበትም አደባባይ ስለሌለው ስድቡን በልቡ ይዞት ያድጋል። እንግዲህ በልጅነቱ የተወጋ ሰው ካደገ በኋላ ለሚሠራው ክፉ ሥራ ተጠያቂው ማን ነው? የወጋው ነውን? ወይስ የተወጋው ራሱ?

ይህን ጥያቄ እንዲያው በቃል ከማውጣትና ከማውረድ ይልቅ ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ሰው ይዘን ብንመረምረው ይሻላል። ሰውየውም ከቋራ ተነሥቶ ደብረ ታቦርን መቀመጫው ያደረገው ካሳ ኃይሉ ነው። ካሳ ስንል ግን የታሪክ መምህራን በሰነድ የሚመረምሯቸውን ንጉሠ ነገሥት ብቻ ማለታችን አይደለም፤ በፉከራና በቀረርቶ፥ በምድጃ ዳር ጨዋታ፥ በቴአትርና በልብ ወለድ መጽሐፍ እየተፈጠረ ወደ እኛ የደረሰውን ሰው ማለታችን ነው። የሞተን ንጉሥ ከሐኪም አልጋ ላይ አስተኝቶ ሕመምህ ይህ ነበር ማለት ድፍረት ይሆናል፤ የመጽሐፍን ሰው መመርመር ግን የአንባቢ ሁሉ መብት ነው።

ደራሲዎቻችንም ይህን ሰው ሲሥሉ ወዴት እንደ ተመለከቱ ልብ ማለት ይገባል። ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. ያወጣውን ልብ ወለድ «የቴዎድሮስ እንባ» አለው። አቤ ጉበኛም በ1961 ዓ.ም. ያወጣውን «አንድ ለናቱ» ሲል ሰየመው። ስለዚያ ኃይለኛ ሰው ሲጽፉ አንደኛው ለመጽሐፉ ደጃፍ የመረጠው እንባን ነው፤ ሁለተኛው እናትን ነው። መድፉንና ጦሩን በደጃፉ ላይ ያቆመ የለም። ይህም ደራሲ ሁሉ በልቡ የሚያውቀውን ነገር ያሳያል፤ ይኸውም ጎልማሳውን ለመረዳት የሚሻ አስቀድሞ ልጁን መፈለግ እንዳለበት ነው።

ልጁ ማን ነበር? አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ገና በሕፃንነቱ ሞቱበት። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ችግር ቢጸናባቸው በጎንደር ኮሶ እየሸጡ እንዳሳደጉት ይነገራል። ለትምህርት በተላከበት ገዳምም ወራሪ ደርሶ አብረውት የነበሩት ልጆች ሲጠፉ እርሱ ሸሽቶ አመለጠ ይባላል። አባትን፥ ክብርን፥ በመጨረሻም ከሞት መሸሸጊያ ነው የሚባለውን የቤተ ክርስቲያንን ጥላ፥ ሦስቱን በየተራ አጣ ማለት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ተረቱ አጥብቆ የያዘው ኮሶውን ነው። ኮሶ በደጋው አገር የሚበቅል ዛፍ ነው፤ አበባው ደርቆና ተወቅጦ ለሆድ ትል መድኃኒት ይጠጣል። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሁሉ፥ መኳንንቱም ሳይቀሩ፥ በየጊዜው ይጠጡት ነበር። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ በጌቶች ቤት ሲገባ የሸጠችው ሴት ግን የስድብ መነሻ ሆነች። «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የሚለው ቃል የወጣው ከዚያው ኮሶ ከጠጣ አፍ ነበር።

ኤሪክ ኤሪክሰን የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ዕድሜ በስምንት ደረጃ ከፍሎ፥ በእያንዳንዱ ደረጃ ሰው የሚያልፍበት አንድ ፈተና እንዳለ አስተማረ። ሕፃኑ በመጀመሪያው ደረጃ ዓለም የሚታመን መሆኑን ወይም አለመሆኑን ይማራል። ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ደግሞ ሥራን ይማራል፤ በዚህ ጊዜ የሚመዘነው የራሱ ትጋት ሳይሆን የወላጆቹ ኑሮ መሆኑን ካየ የበታችነት ስሜት ያድርበታል። በጉርምስናው «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ይጠይቃል። ኤሪክሰን ራሱ የወለደውን አባት ሳያውቅ ያደገ ሰው ነበር፤ ካደገም በኋላ የቤተ ሰብ ስሙን ለራሱ አወጣ። ካሳም በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭን ትንቢት የተነገረለትን ስም መርጦ ቴዎድሮስ ተባለ። ሁለቱም ሌሎች የሰጧቸውን ስም ትተው በራሳቸው ስም ለመጠራት ወደዱ።

ይህን ትምህርት ይዘን ወደ አንድ የታወቀ ታሪክ እንመለስ። ደጃዝማች ወንድይራድ ካሳን ሊይዙ ሲዘምቱ ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ አስሬ አመጣለሁ ብለው ፎከሩ ይባላል። ድል ግን የካሳ ሆነ። ካሳም ምርኮኛውን አስቀርቦ፥ እናቴ ዛሬ ገበያ አልቀናትም፥ ኮሶዋ አልተሸጠላትምና ይህን ይጠጡላት በማለት ኮሶ አጠጣቸው ይላሉ። ሰሚው ሁሉ በዚህ ይስቃል፤ እኛም ስቀናል። ነገር ግን ሳቁ ካለፈ በኋላ አንድ ሐዘን ይቀራል። ካሳ ኮሶን መቅጫ ባደረገው ጊዜ ኮሶ ውርደት ነው የሚለውን የጠላቶቹን ፍርድ ራሱ አጸደቀላቸው። ተሳዳቢውን አሸነፈው፤ ስድቡን ግን አላሸነፈውም። የእናቱ መድኃኒት በእጁ መርዝ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ አጠገብ ግን ሌላ ታሪክ አለ፤ ቦታውም ከደብረ ታቦር እምብዛም የማትርቀው ጋፋት ናት። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩ ቡዳ እየተባለ ሲናቅ፥ ማረሻውንና ጦሩን ግን ሁሉም ከእርሱ ይገዛ ነበር። ነገሩ ከኮሶው ጋር አንድ ነው። ንጉሡ ዐፄ ቴዎድሮስ ዋልድማየርንና ጓደኞቹን የመሳሰሉትን የውጭ አገር ባለ እጆች በጋፋት አስፍረው፥ ያገር ልጆችም ከእነርሱ እንዲማሩ አደረጉ። በ1859 ዓ.ም. ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በዚያ ተሠራ። መንገድ ሲጠረግም ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። የእናቱ ሥራ የተሰደበበት ልጅ አድጎ የእጅ ሥራን በንጉሥ አደባባይ አከበረ። ምንም እንኳ የሥራው ፍሬ መድፍ ቢሆን፥ የተናቀውን እጅ ማክበሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር።

እንግዲህ አንድ ቁስል ሁለት መንገድ አወጣ፤ አንደኛው ወደ ወንድይራድ ጽዋ፥ ሁለተኛው ወደ ጋፋት ምድጃ። የሥነ ልቡና ትምህርት ሁለቱንም መንገድ ከቁስሉ እንደ ተነሡ ሊያስረዳን ይችላል፤ በየትኛው መሄድ ይገባው እንደ ነበር ግን አይፈርድልንም። ፍርዱ የሚጀምረው ሳይንሱ ከሚያበቃበት ነው።

ቁስሉ ቀላል ነበር ማለታችን ግን አይደለም። ጆን ቦውልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1951 ለዓለም የጤና ድርጅት ባቀረበው ጥናት፥ በሕፃንነት ከእናት መለየትና ፍቅርን ማጣት የልጁን ጠባይ ለረጅም ጊዜ ሊጎዳ እንደሚችል ገልጧል። በካሳም ታሪክ የምናየው ይህንኑ ይመስላል። ሚስቱ እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1860 ደግሞ ወዳጆቹ ፕላውዴንና ቤል ተገደሉ። ታሪኩን የሚተርኩ ብዙዎች የጭካኔውን መብዛት ከዚያ ወዲህ ያደርጉታል። በልጅነቱ ደጋግሞ የተነጠቀ ሰው ባደገም ጊዜ ሲነጠቅ፥ አዲሱ ሐዘን አሮጌውን ይቀሰቅስበታል።

ሆኖም እዚህ ላይ ከጋይንት በኩል የሚሰማ ሌላ ምስክር አለ። ድጓ ወደሚመሰከርበት ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት ወደሚመሰከርበት ወደ ዙር አባ፥ በስንት ዘመን ስንት ልጅ ከእናቱ ጉያ ወጥቶ ሄዷል! ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ ይዞ፥ ውሻ እየተከላከለ፥ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቍራሽ ለምኖ ተምሯል። ቤትና እናት ብቻ ሰውን ያቆማሉ ብንል ከእነዚህ ልጆች አንድም ሰው ባልወጣ ነበር። ነገር ግን የመላው ኢትዮጵያ ሊቃውንት ከእነርሱ ወጡ። ስለ ምን? ብዙዎቹ የኔታ የሚሉት ሰው ነበራቸውና ነው። ሥራ ሲሠሩ የሚያያቸው፥ ሲሳሳቱ የሚያርማቸው፥ በስማቸውም የሚጠራቸው አንድ ጎልማሳ ነበራቸው።

ኤሚ ቨርነር የተባለች ሊቅም በሃዋይ ካዋይ በተባለችው ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱትን 698 ሕፃናት ለብዙ ዐሥርታት ከባልደረቦችዋ ጋር ስትከታተል ያገኘችው ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። በድህነትና በቤተ ሰብ መታወክ ክፉ አደጋ ካንዣበበባቸው ልጆች ሲሶ ያህሉ ደኅና ሰዎች ሆነው አደጉ፤ ከረዷቸውም ነገሮች ዋነኛው የሚወዳቸውና የሚታመን ቢያንስ አንድ ጎልማሳ ማግኘታቸው ነበር። ይህን ስንሰማ ሁለት ነገር እንረዳለን። ቁስል ዕጣ ፈንታ አይደለም፤ ከቁስል መዳን ደግሞ የልጁ ብቻ ሥራ አይደለም።

ስለዚህ በመጀመሪያ ለጠየቅነው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። የወጋው ስለ መውጋቱ ይጠየቃል፤ የተወጋውም በቁስሉ ስለ ሠራው ይጠየቃል፤ የአንዱ ዕዳ የሌላውን አይሰርዝም። ጎንደር በ1859 ዓ.ም. ስትቃጠል፥ የበጌምድር መንደሮች ሲፈርሱ፥ ደብረ ታቦርም ራስዋ በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ለቀው ሲሄዱ በእሳት ስትጋይ፥ በየቤቱ ሕፃናት ነበሩ። ለካሳ ልጅነት የምናለቅሰው እንባ እውነተኛ ከሆነ ለእነርሱም ሊተርፍ ይገባል። ማዘንና ማጽደቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሐዘናችን ሰውየውን እንድንረዳው ያደርገናል እንጂ በደሉን በደል አይደለም እንድንል አያደርገንም።

የዚህም ፍጻሜ ከሁሉ ይልቅ ልብ ይሰብራል። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ሲሠዉ ልጃቸው ዓለማየሁ ሰባት ዓመት ገደማ የሆነው ሕፃን ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በዚያው በጉዞ ላይ ሞቱበት። እንግሊዞች ወደ አገራቸው ወሰዱት፤ በ18 ዓመቱም በ1872 ዓ.ም. አርፎ በዊንድሰር ተቀበረ። አባቱ ያለ አባት እንዳደገ እርሱም ያለ አባት አደገ።

ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ይባላል። የጋፋት ሰዎች ይህን በምድጃቸው ዳር ያውቁት ነበር፤ የልጅም ነገር እንደዚሁ ነው። ዛሬም በደብረ ታቦር ገበያ እናቱ ጠላ የምትሸጥ፥ እንጨት የምትሸከም፥ ሸክላ የምትሠራ ልጅ አለ፤ በትምህርት ቤት አጥር ሥርም በእናቱ ሥራ የሚጠራው አይጠፋም። ያ ልጅ ነገ ምን እንደሚሆን እኛ አናውቅም፤ የሚመርጠውም እርሱ ነው። ምርጫው ግን በመራራ ጽዋና በሥራ ምድጃ መካከል በሚሆንበት ቀን፥ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ከሚያሳፍረው ይልቅ «እጅህ ምን ይችላል?» ብሎ የጠየቀው አንድ ሰው ትዝ ሊለው ይገባል። ያ ሰው መሆን የማንችል የለንም።