ክለብ የሚኖረው የት ነው?

ከጭላሎ ተራራ ሥር የሚዘራው ገብስ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ከማሳው ወደ አውድማ፣ ከአውድማው ወደ አሰላ ብቅል ፋብሪካ፣ ከዚያም ወደ አገሪቱ ቢራ ፋብሪካዎች ይሄዳል። ቢራ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ከኢትዮጵያ እግር ኳስ የገንዘብ ምንጮች አንዱ ሆኖ ኖሯል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ስሙን ከሚጋራው ቢራ፣ ኢትዮጵያ ቡና ከሐበሻ፣ ፋሲል ከነማ ከዳሽን ጋር ሠርተዋል። የአርሲ ገበሬ ሳያስበው የአዲስ አበባንና የጎንደርን ክለቦች ሲደጉም ኖሯል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሰላ ግን በፕሪሚየር ሊጉ የምትታወቅበት ክለብ የላትም።

ይህ ቁጭት በአሰላ ብቻ የሚሰማ አይደለም። ባለፉት ሃያ ዓመታት መካከለኛ ከተሞች ሁሉ ክለብ ፈልገዋል፤ ብዙዎቹም አግኝተዋል። ቀድሞ የአዲስ አበባ ክለቦችና እንደ ሙገር ሲሚንቶ ያሉ የፋብሪካ ቡድኖች ይበዙበት የነበረው ሊግ ዛሬ በከተማ አስተዳደሮች ክለቦች ተሞልቷል። ቡድን ማቋቋም ከባድ አይደለም። በጀት ይያዛል፣ አሰልጣኝ ይቀጠራል፣ ተጫዋች ከየአቅጣጫው ይሰበሰባል። ከባዱ ነገር ቡድኑ ከአሥር ዓመት በኋላ መኖሩ ነው።

ጥያቄው ከሒሳብ በፊት የፍልስፍና ነው። ተጫዋቹ በየክረምቱ የሚለወጥ፣ አሰልጣኙ በውድድሩ አጋማሽ የሚሰናበት፣ ደሞዙ ከአንድ ቢሮ ፊርማ የሚመጣ ከሆነ «የእኛ ክለብ» የተባለው ነገር በትክክል ምኑ ነው? ሁሉ ነገሩ ሲለወጥ ሳይለወጥ የሚቀረው ምንድን ነው?

የምዕራብ አርሲዋን ሻሸመኔን እንውሰድ። ሻሸመኔ ከተማ በ2016 ዓ.ም. የውድድር ዘመን፣ ከከምባታው ሐምበሪቾ ዱራሜ ጋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አደገ። ሁለቱም በአንድ ዓመት ተመልሰው ወረዱ። ለአዲስ ቡድን መውረድ ነውር አይደለም። የሚያሳዝነው ሌላው ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ተሰባስበው ነው የሚካሄዱት። ለዚህ ምክንያት ነበረ፤ የኮሮና ወረርሽኝ፣ የጸጥታው ሁኔታ፣ ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው የቴሌቪዥን መብት። ውጤቱ ግን የሻሸመኔ ሰው ክለቡ በትልቁ ሊግ በተጫወተባት በዚያች ዓመት ቡድኑን በከተማው ሜዳ ሳያይ መቅረቱ ነው። በየሳምንቱ ጨዋታ ያየው ቤቱ ወይም ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ነው። የሌላ አገር ቡድን የሚያየውም እዚያው ወንበር ላይ ነው።

ከዚህ የበለጠ ትምህርት ያለው የመቀሌ ታሪክ ነው። በ1989 ዓ.ም. የተመሠረተው ደደቢት አዲስ አበባ ላይ አድጎ በ2005 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ያነሳ፣ የጌታነህ ከበደን የመሰለ አጥቂ ያሰለፈ ክለብ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የውድድር ዘመን መቀመጫውን ወደ መቀሌ አዛወረና በዚያው ዓመት ወረደ። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዓመት፣ መቀሌ 70 እንደርታ ሻምፒዮን ሆነ። ሜዳው አንድ፣ ሕዝቡ አንድ፣ አየሩም አንድ ነው። አንዱ በከተማው ሰው ተከብቦ ዋንጫ ሲያነሳ ሌላው እንደ እንግዳ መጥቶ እንደ እንግዳ ጠፋ። ከዚያ የትግራይ ጦርነት መጣ። የትግራይ ክለቦች ለአራት የውድድር ዘመን ከሊጉ ውጭ ሆኑ። በ2017 ዓ.ም. መቀሌ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ ተመለሱ። በእነዚያ ዓመታት ጨዋታ አልነበረም፤ የሚጠብቃቸው ሰው ግን ነበረ።

ደደቢትን ብር አላዳነውም፤ የቀድሞ ዋንጫውም አላዳነውም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት ሻምፒዮን ሆኖ አገሩን አስገርሞ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ወረደ። ድል ክለብን ያስተዋውቃል፣ ሥር ግን አይሰድለትም።

ተቃራኒ ማስረጃ አለ፤ በሐቅ መመዘን ያለበት ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወንዶች ቡድን በ2009 ዓ.ም. ወርዶ ፈርሶ ነበር፤ የሴቶቹ ቡድን ግን ቀጥሎ ዋንጫ በዋንጫ ሆነ። ባንኩ ኋላ የወንዶቹን መልሶ አቋቋመ፤ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በ2016 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። እንግዲህ ገንዘብ ሙት ያስነሳል። ግን ያው ታሪክ የሚናገረው ሌላ ነገርም አለ፤ የቡድኑ ሞትም ትንሣኤውም የተወሰነው በአንድ ሰብሳቢ ጠረጴዛ ላይ ነው። የድሬዳዋው ኮተን በ1950ዎቹ ደጋግሞ የአገሪቱ ሻምፒዮን የነበረ፣ ታላላቅ ተጫዋቾች ያፈራ ቡድን ነበር። ፋብሪካው ሲደክም እሱም ደከመ። ወላጁ አንድ ብቻ የሆነ ልጅ ወላጁ የታመመ ቀን ይቸገራል።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው በሀብቱ ብቻ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ሲመሠርቱት የፋሺስት ወረራ ተጀምሮ ነበር። ወረራውን አለፈ፣ በደርግ ዘመን ስሙን ተነጥቆ በቢራ ፋብሪካው ስም ተጫወተ፣ በኋላም ስሙን መለሰ። መንግሥት ስሙን ከመዝገብ ሲያወጣ ሰው ከአፉ አላወጣውም። ሕዝብ የሚጠራው ስምና ጽሕፈት ቤት የሚያትመው ስም ሲለያዩ ክለቡ ያለው ሕዝቡ ዘንድ ነው።

እንግሊዞች ይህንን ጥያቄ በግልጽ ተጋፍጠውታል። የለንደኑ ዊምብልደን ባለቤቶች ክለቡን ወደ ሚልተን ኪንስ ከተማ ሊያዛውሩት ሲፈቀድላቸው ደጋፊዎቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ከዝቅተኛ ደረጃ የሚጀምር ሌላ ክለብ መሠረቱ። ፈቃዱ፣ ተጫዋቾቹና የሊጉ ቦታ ወደ አዲሱ ከተማ ሄዱ፤ ደጋፊዎቹ ምንም ሳይዙ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደጋፊዎቹ የመሠረቱት ክለብ ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ ተመለሰ። የትኛው ነው እውነተኛው ዊምብልደን? በሕግ ክርክሩ ሊያልቅ ይችላል። በልብ ግን መልሱ ለብዙዎች ግልጽ ነው።

የበረዶ ሆኪ በማያውቀው የአሜሪካ በረሃም ሁለት ቡድኖች ተሞክረዋል። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1996 ከካናዳ ወደ አሪዞና ተዛውሮ 28 ዓመት ቆየና በ2024 ወደ ዩታ ሄደ፤ መጨረሻው ላይ የሚጫወተው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ትንሽ አዳራሽ ነበር። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2017 ላስ ቬጋስ ውስጥ ተወለደ። የመጀመሪያውን የሜዳው ጨዋታ ሊያደርግ ቀናት ሲቀሩት በከተማዋ የሙዚቃ ድግስ ላይ በተከፈተ ተኩስ 58 ሰዎች ሞቱ። ቡድኑ ማስታወቂያውን ሁሉ አንስቶ መክፈቻውን የሐዘን ቀን አደረገው፤ 58 ቁጥርንም ማንም እንዳይለብሰው ከመለያዎቹ አወጣ። በ2023 ሻምፒዮን ሲሆን ዋንጫው ከተማዋ ያለቀሰችበት ቡድን ዋንጫ ነበር። ሁለቱም ባህሉ የሌለበት ምድር ላይ የተተከሉ ናቸው። ስለ አስተዳደርና ስለ ሜዳ ብዙ ልዩነት ሊቆጠር ይችላል፤ ክብደት ያለው ግን ይኼኛው ነው፤ የላስ ቬጋሱ ከተማውን ለቅሶ ደረሰ።

ኢትዮጵያዊ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። እድር የሚኖረው ማንም በጀት ስለሚይዝለት አይደለም። አባሉ በየወሩ የሚያዋጣው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ሳይመጣ ሲቀር የሚቀጣው ስላለ ነው። በአርሲ ከተሞች ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየእድሩና በየአፎሻው የሚኖረው በዚህ ሥርዓት ነው፤ መንግሥታት ሲለዋወጡ እነዚህ ማኅበራት አልተለወጡም። ግዴታ ያለበት ሰው ባለቤት ነው። የማይጠየቅ ሰው ግን፣ ምንም ያህል ቢወድ፣ ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

እምነትም ተመሳሳይ ነገር ያስተምራል፤ ምስክሩም አርሲ ውስጥ አለ። ፋራቀሳ በጥቅምትና በኅዳር ከአገሪቱ ዙሪያ እስላምና ክርስቲያን ተሳላሚ የሚተምበት ሥፍራ ነው። የሥፍራው ባለቤት፣ ሕዝቡ የአርሲዋ እመቤት የሚላት ሲቲ ሞሚና፣ የአርሲ ተወላጅ አልነበረችም። ከሌላ አገር መጥታ እዚያ ተቀመጠች። ካረፈች ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኗታል፤ መንገደኛው ግን አልቆመም። ስለት የተሳለ ሰው ስለቱን ይዞ ይመጣል፤ ልጁ ደግሞ የአባቱን መንገድ ያውቃል። እምነትን ከስፖርት ጋር ማስተካከል ተገቢ አይደለም። ሆኖም መጤ የሆነ ነገር እንዴት የአገር ልጅ ይሆናል ለሚል ሰው ከዚህ የቀረበ ምስክር የለም። ሰው የሚታሰረው በተቀበለው ብቻ አይደለም፤ በሰጠውም ነው።

ከአሰላ ወደ ደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው በቆጂም እንዲሁ የመጤ ታሪክ አላት። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ከሐረር የመጣ የስፖርት መምህር ነበር። የትምህርት ቤት ልጆችን ሩጫ ማሰልጠን ጀመረ። ከእጁ ካለፉት መካከል ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር የወንዶችና የሴቶች ወርቆች አራቱም ወደ በቆጂ ልጆች አንገት ሄዱ፤ ሁለቱን ቀነኒሳ፣ ሁለቱን ጥሩነሽ ወሰዱ። በዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ የስፖርት ባህል ያላት ትንሽ ከተማ መፈለግ አድካሚ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ከተማዋ የታወቀችው በክለብ ስም አልነበረም። ልጆቹ ሲበረቱ የሚገቡት ወደ ሙገር ሲሚንቶ፣ ወደ ማረሚያ ቤቶች፣ ወደ መከላከያ፣ ወደ ንግድ ባንክ ነው። እነዚህ ክለቦች ደሞዝ፣ ማደሪያና ማዕረግ ሰጥተዋቸዋል፤ ለድሃ ገበሬ ልጅ ይህ ትልቅ ውለታ ነው፣ መናቅም የለበትም። ነገር ግን የበቆጂ ሰው ስለ ማረሚያ ቤት ክለብ ሲዘምር አይሰማም። የሚዘምረው ስለ ጥሩዬ ነው።

አሰላ ዛሬ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመ የአትሌቲክስ ማሰልጠኛ ማዕከል አላት፣ አገር አቀፍ ውድድር የሚካሄድበት አረንጓዴ ስታዲየምም አላት። ባህሉም መሬቱም አለ። ቢሆንም እነዚህ ለእግር ኳስ ክለብ በራሳቸው ዋስትና አይሆኑም። ሯጭ ብቻውን ይሮጣል፤ ቡድን ግን «እኛ» ይፈልጋል፤ «እኛ» ደግሞ በዝውውር መስኮት አይገዛም።

በአርሲ ከውጭ የመጣ ነገር እንዴት ሥር እንደሚሰድ ሌላም ማሳያ አለ። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ የተጀመረው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት ካዱ ይባል ነበር። ፈረንጆቹ ሄዱ፣ ድርጅቱም ስሙን ቀያየረ፣ ደርግም መጥቶ ሄደ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ግን ገበሬው እጅ ገብተው ስለነበር አልሄዱም፤ የቁሉምሳ የምርምር ማዕከልም ዛሬም የስንዴ ዝርያ ያወጣል። ከጎተራው የገባው ቆየ። የቢሮው ታፔላ ላይ ብቻ የነበረው ግን ከታፔላው ጋር ወረደ።

ይህን ሁሉ የሚያነብ የአሰላ ወይም የሻሸመኔ ከንቲባ ፊቱን ሊያጠቁር ይችላል፤ ያለ አስተዳደሩ በጀት ክለቡ ከየት ይነሣ? እውነት አለው። ትልልቅ ድርጅቶች በሌሉበት ከተማ መነሻው የሕዝብ ገንዘብ ነው። ችግሩ መነሻው መድረሻ ሆኖ መቅረቱ ላይ ነው። ፌዴሬሽኑ በ2011 ዓ.ም. የተጫዋቾችን ወርሃዊ ደሞዝ በ50 ሺህ ብር ጣሪያ ለመገደብ የተነሣው ክለቦች ከአቅማቸው በላይ እየከፈሉ ስለነበር ነው። የውሃ መስመር ያልደረሰው ሰፈር ያለበት ከተማ ለአንድ ዓመት ለሚቆይ አጥቂ የሚከፍለው ብር የሥነ ምግባር ጥያቄ ጭምር ነው፤ ያ አጥቂ ከተማውን ሳያውቅ ከሄደ ደግሞ ጥያቄው ይብሳል።

በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የክለቦችም ስብሰባ በዚያው ወራት ነው። አሰላ ክለብ ይኑራት ከተባለ በዚያ ስብሰባ መጀመሪያ መነሣት ያለበት የሃያ አምስት ተጫዋቾች ዝርዝር ሳይሆን የአባላት መዝገብ ነው፤ በወር ትንሽ ብር የሚያዋጣ፣ በጠቅላላ ጉባኤ የሚመርጥ፣ ሥራ አስኪያጁን የሚጠይቅ አባል። ቀጥሎ ከዲገሉና ጢጆ፣ ከሊሙና ቢልቢሎ፣ ከጢዮ ወረዳዎች ትምህርት ቤቶች የሚመጡ የታዳጊዎች ቡድን፤ ለዚህ የስንታየሁ እሸቱ ዓይነት መምህር በቂ ነው፣ ውድ አሰልጣኝ አያስፈልግም። ሦስተኛው በከተማዋ እጅ ያለ ጉዳይ አይደለም። ሊጉ ጨዋታን ወደየከተማው ሜዳ መመለስ አለበት፤ አለዚያ አሰላ መዝገብ ብትከፍትም፣ ልጆች ብታሰለጥንም፣ ልጇ ከፍ ባለ ቀን የሚጫወተው እናቱ ልትደርስበት በማትችል ሌላ ከተማ ነው።