ወደ ሳሎን ስለሚገባ መሣሪያ ምርጫ

ወዳጄ ሆይ፥ በሳሎን ያለውን ቴሌቪዥን ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን ሊገዛ ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ዋጋውን ይጠይቃል። ይህ ነውር የለበትም፤ ገንዘብን በከንቱ አለማጥፋት የመልካም ቤት አስተዳዳሪ ሥራ ነውና። ከዋጋው በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ይቀራል፤ ይኸውም «ሳጥኑን የሚሸጠው ከምን ይኖራል?» የሚል ነው።

በአሜሪካ አገር ሮኩ የተባለው ኩባንያ በ2008 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሳጥን ለገበያ አወጣ። ዛሬ ከሳጥኑ ሽያጭ ይልቅ ከማስታወቂያና ከአገልግሎት የሚያገኘው ገቢ እጅግ ይበልጣል። ማስታወቂያ የሚሸጡት አማዞንና ጉግልም እንዲህ ያለ መሣሪያ ይሸጣሉ። የማስታወቂያም ዋጋ ከፍ የሚለው ተመልካቹ የሚወደው ነገር ሲታወቅ ነው። እንግዲህ ሳጥኑ ረክሶ ቢገኝ ቀሪው ዋጋ የተማረልህ አይምሰልህ፤ በየምሽቱ በዓይንህ ትከፍለዋለህ።

በማስታወቂያ መኖር በራሱ በደል አይደለም፤ ጋዜጣም ከጥንት ጀምሮ በዚህ ይኖራል። በደሉ መሰወር ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ቪዚዮ የተባለው ቴሌቪዥን ሠሪ፥ በ11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖች የሚታየውን ባለቤቶቹ ሳይፈቅዱ በየሴኮንዱ ይመዘግባል ተብሎ በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተከሰሰ፤ ከክሱም የተነሣ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በክሱ እንደ ተገለጸው ከቴሌቪዥኑ ጋር ከተያያዘ ከሌላ ሳጥን የሚመጣው ሳይቀር ይመዘገብ ነበር። ስለዚህ ሳጥን የሚመርጥ ሰው ቴሌቪዥኑንም ይመርምር።

አንድ ሰው «እኔ የምሰውረው ነገር የለኝም» ይል ይሆናል። ስለ ራሱ እንዲህ ቢል መብቱ ነው። ነገር ግን በሳሎኑ ሚስቱ፥ ልጆቹ፥ አረጋዊት እናቱ፥ ለአንድ ምሽት የመጣ እንግዳም ይቀመጣሉ። «እስማማለሁ» የሚለውን የሚጫን አንድ ጣት ነው፤ የሚመዘገበው ግን የሁሉም ልማድ ነው። የራስን መስጠት ልግስና ይባላል፤ የሌላውን ሳይጠይቁ መስጠት ግን ምን ይባላል?

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ አስቀድመህ ቴሌቪዥንህ ያለ ሳጥን ከኢንተርኔት የሚገናኝ እንደ ሆነ ተመልከት፤ ያለህ ከበቃህ ሌላ አትግዛ። ብትገዛም በምታያይዝበት ምሽት የቤት ሰዎችህን ሰብስበህ የሚጠየቀውን ፈቃድ አንብብላቸው። የሚታየውን የሚመዘግበውንና ማስታወቂያን እንደ ተመልካቹ የሚመርጠውን ክፍል በማስተካከያው ውስጥ ፈልገህ ዝጋ። ርካሹን ገዝቶ ይህን ያደረገ ድሀ፥ ውዱን ገዝቶ ሳያነብ ከተስማማ ባለጠጋ ይልቅ ቤቱን ጠብቋል።