ኳስ፣ ጨረርና ህሊና

ከስፖርት ዓይነቶች ሁሉ ለዳኛ ዓይን እጅግ የማይመቸው ጎልፍ ሳይሆን አይቀርም። በእግር ኳስ ሜዳ ሃያ ሁለት ተጫዋቾች በአንድ አራት ማዕዘን ውስጥ ታጥረው በዳኛው ፉጨት ሥር ይውላሉ። የጎልፍ ተጫዋች ግን አሥራ ስምንት ጉድጓዶችን ለመጨረስ ጉብታ ወጥቶ፣ ቁጥቋጦ ሰንጥቆ፣ ኩሬ ዞሮ ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ኳሷ ከረጅም ሣር ውስጥ ስትወድቅ ከአጠገቧ የሚደርሱት ብዙውን ጊዜ እርሱ ራሱና መምቻዎቹን የሚሸከምለት ረዳቱ ናቸው። በዚያች ቅጽበት ኳሷን በእግሩ ገፋ ቢያደርጋት ማን ያየዋል? ጨዋታው ለዚህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ የሰጠው መልስ ለሌላው ስፖርት ተመልካች እንግዳ ነው፤ ተጫዋቹ ራሱ ያየዋል የሚል ነው። ውጤት የሚያዝበትም መንገድ የፈለቀው ከዚሁ እምነት ነው። አንዱ ተወዳዳሪ የሌላውን ምቶች በካርድ ላይ ይመዘግባል፤ ጨዋታው ሲያበቃ መዝጋቢውም ባለ ውጤቱም ይፈርማሉ። ከፊርማ በኋላ ነገሩ አለቀ።

እ.ኤ.አ. በ1925 ዓ.ም. በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት በዉስተር ከተማ በተደረገው የአሜሪካ ኦፕን ውድድር ቦቢ ጆንስ ሊመታ ሲዘጋጅ ኳሷ ከሣሩ መካከል ነቅነቅ አለች። ከእርሱ በቀር ያየ አልነበረም። ዳኞቹ ጠየቁ፤ የሚመሰክር አጡ፤ ፍርዱን ለእርሱ ተዉለት። እርሱም በራሱ ላይ አንድ ምት ፈረደ። ውድድሩ ሲያበቃ ከዊሊ ማክፋርለን ጋር እኩል ሆኖ ተገኘ፤ በመለያውም ተሸነፈ። ያቺ አንዲት ምት ባትኖር ኖሮ ዋንጫው የእርሱ ነበር። ላመሰገኑት ሰዎችም፣ ባንክ ባለመዝረፉ እንደሚመሰገን ሰው መቆጠሩ እንዳልጣመው መለሰ ይባላል። ምስጋናውን መናቁ ከድርጊቱ ይልቅ ያስገርመኛል።

ዛሬ በታላላቆቹ የአሜሪካ ውድድሮች ኳሷ ብቻዋን የምትወድቅበት ሣር እምብዛም የለም። ፒጂኤ ቱር የተባለው የባለሙያዎች ማኅበር ሾትሊንክ በሚል ስም የሚያሠራው ሥርዓት አለ። ሜዳው አስቀድሞ ተለክቶ ካርታው በኮምፒዩተር ይያዛል፤ በየሥፍራው የተሰለፉ በጎ ፈቃደኞች ኳሷ በቆመችበት ላይ የሌዘር ጨረር ልከው ርቀቷን ይለካሉ፤ ከእያንዳንዱ የተጫዋቾች ምድብ ጋር በእግሩ የሚጓዝ መዝጋቢም ማን እንደ መታ በእጁ በያዘው መሣሪያ ያስገባል። በአየር ላይ የምትበረውን ኳስ የሚከተል ራዳር፣ በጉድጓዱ ዙሪያ በተላጨው ሣር ላይ የምትንከባለለውን የሚከታተል ካሜራም ታክለዋል። ከዚህ ሁሉ ልኬት አዲስ የሒሳብ ዘዴ ተወለደ። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ማርክ ብሮዲ ባካሄደው ጥናት መሠረት የአንድ ምት ዋጋ ከባለሙያዎቹ አማካይ ጋር ይነጻጸራል፤ ፒጂኤ ቱርም እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ስሌቱን በተላጨው ሣር ላይ ለሚደረጉት ምቶች መጠቀም ጀመረ። ለምሳሌ ኳሷን ከ8 ጫማ ርቀት ወደ ጉድጓዱ ለማግባት ባለሙያዎች በአማካይ 1.5 ያህል ምት ይፈጅባቸዋል፤ ስለዚህ በአንድ ምት ያገባ ሰው ግማሽ ምት አተረፈ ይባላል።

ድንቅ ነው፤ እኔም አደንቀዋለሁ። ሆኖም ጆንስን በዚህ ሠንጠረዥ ላይ ብናሰፍረው በዚያች ሥፍራ አንድ ምት የከሰረ ሰው ሆኖ ብቻ ይቀመጥልናል። መሣሪያው ኳሷ የት እንደ ቆመች ያውቃል፤ ሰውየው ምን እንደሚያውቅ ግን አያውቅም። ግማሿን ምት አንጠርጥሮ የሚቆጥር ሚዛን ሙሉዋን ምት ለምን እንደ ተሰጠች ሊነግረን አይችልም።

በቴአትር ሥራ ላይ የቆየን ሰዎች ይህን ልዩነት በሌላ በኩል እናውቀዋለን። አንድ ገጸ ባሕርይ በመድረክ ላይ ብቻውን ሲቆምና ለራሱ ሲናገር ተመልካቹ የሚያምነው ማንም አይሰማኝም ብሎ ስለሚናገር ነው። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ አድማጭ እንዳለ ገጸ ባሕርዩ ያወቀ እንደ ሆነ ቃሉ አንድ ፊደል ሳይለወጥ ንግግሩ ሌላ ይሆናል፤ ኑዛዜ የነበረው የመከላከያ ቃል ይሆናል። በካሜራ ፊት የቆመ ተጫዋችም እጁን አውጥቶ «ኳሷ ተንቀሳቅሳብኛለች» ቢል ሐቀኛ ይሁን ወይም ጠንቃቃ ማን ይለያል? እኛ ብቻ ሳንሆን እርሱ ራሱም ላይለይ ይችላል። መሣሪያው ከሐቀኛው ሰው የወሰደበት ነገር ካለ ይህ ይመስለኛል፤ ራሱን የሚያውቅበትን አጋጣሚ።

የባሰው ግን የመጣው ዓይኑ ከሰው ዓይን በላይ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. በኦክሞንት ሜዳ በተካሄደው የአሜሪካ ኦፕን ደስቲን ጆንሰን በአምስተኛው ጉድጓድ ላይ ኳሱ ቅንጣት ያህል ተንቀሳቀሰች። እርሱ እንዳላንቀሳቀሳት ለዳኛው ነገረ፤ ዳኛውም ቀጥል አለው። በአሥራ ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ሳለ ግን ፊልሙ ታይቷልና ምናልባት ትቀጣ ይሆናል ተባለ፤ የቀረውን ጨዋታ ውጤቱን በውል ሳያውቅ ተጫወተ። በመጨረሻ አንድ ምት ተቀጣ፤ በሦስት ምት ልዩነት አሸንፎ ስለ ነበር ብቻ ነገሩ በሳቅ አለፈ። በዓመቱ ሌክሲ ቶምፕሰን የገጠማት አላሳቃትም። በካሊፎርኒያ በተደረገው የኤኤንኤ ኢንስፒሬሽን ውድድር ቅዳሜ ዕለት አንሥታ የመለሰቻት ኳስ ከቀድሞ ሥፍራዋ በጥቂቱ መዛነፏን አንድ የቴሌቪዥን ተመልካች በማግሥቱ በኢሜይል ጠቆመ። እሑድ እየመራች ሳለ ሁለት ምት ስለ ሥፍራው፣ ሁለት ምት ደግሞ የተሳሳተ ካርድ ስለ ፈረመች፣ በድምሩ 4 ምት መቀጣቷ ተነገራት። በመለያው ለደቡብ ኮሪያዊቷ ሪዩ ሶ ዮን ተረታች።

ሕግ፣ ሰው ሊያየው የማይችለውን ነገር ባለማየቱ ሊቀጣው ይገባልን? የጎልፍ ሕግ አውጪዎች የሆኑት አር ኤንድ ኤይ እና የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ብዙ አልዘገዩም። በዚያው በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር፣ በባዶ ዓይን ሊታይ የማይችል ነገር በፊልም ቢጋለጥም ተጫዋቹን አያስቀጣም፤ ሥፍራ ሲገመትም ማድረግ የሚገባውን ሁሉ አድርጎ በቅን የወሰነ ሰው ውሳኔው ይጸናል ሲሉ ደነገጉ። ከ2018 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮም ከተመልካች የሚመጣ ጥቆማ እንዳይታይ ተደረገ። በእኔ ግምት ይህ በቅርብ ዘመን ከተደነገጉት የስፖርት ሕጎች መካከል ጥልቅ ከሆኑት አንዱ ነው። ከሁሉ የሚልቅ ዓይን በእጃቸው ሳለ የፍርድ መለኪያው ደካማው የሰው ዓይን ይሁን አሉ።

ይሁን እንጂ የመሣሪያውን ጥላቻ እንደ ጥበብ የሚቆጥሩ ሰዎች ጎራ አልገባም። ካሜራ የሚከተለው ዝነኛውን ነው። ንጋት ላይ ወጥቶ ያለ ተመልካች የሚጫወተው ስም የለሽ ባለሙያ የተመልካች ጥቆማ አይደርስበትም ነበር፤ ታይገር ዉድስ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. አንድ ጭራሮ ሲያነሣ ኳሱ መንቀሳቀሷ በፊልም ታይቶ ሁለት ምት ተቀጥቷል። እርሱ ኳሷ ወዝወዝ ብላ ወደ ሥፍራዋ እንደ ተመለሰች ነበር ያመነው። ሌዘሩ ግን ዝነኛና ስም የለሽ አይለይም፤ የሁሉንም ኳስ እኩል ይለካል። በዚህ ረገድ ከካሜራው ይልቅ ጨዋ ነው። ደግሞም ጨረሩን የሚያነጣጥረው እጅ የበጎ ፈቃደኛ እጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ቆሞ ያየውን ብቻ የሚመዘግብ፣ ደመወዝ የሌለው ምስክር።

የሁሉ መቋጠሪያ ግን አሁንም ካርዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. በማስተርስ ውድድር አርጀንቲናዊው ሮቤርቶ ዴ ቪሴንሶ አሥራ ሰባተኛውን ጉድጓድ በ3 ምት ጨረሰ፤ ሕዝብ በቴሌቪዥን አየው። መዝጋቢው ቶሚ አሮን 4 ብሎ ጻፈ፤ ዴ ቪሴንሶም ሳያስተውል ፈረመ። 65 የነበረው 66 ሆኖ ጸና፤ ከቦብ ጎልቢ ጋር ለመለያ ሊቀርብ የነበረው ሰው በልደቱ ቀን ሁለተኛ ሆኖ ቀረ። ያ ሌዘር ያልነበረበት ዘመን ነው እንበል። በ2024 ዓ.ም. የካቲት ወር በሎስ አንጀለስ ሪቪዬራ ሜዳ ጆርዳን ስፒዝ በአራተኛው ጉድጓድ 4 ምት ፈጅቶ ሳለ 3 በሚል ካርድ ላይ ፈረመ። ከተመታው ያነሰ ቁጥር ተፈርሞበታልና ከውድድሩ ተሰረዘ። ምቶቹ ሁሉ በጨረር በሚለኩበት ሜዳ ላይ ፊርማው ፊርማ ሆኖ ተቆጠረ፤ ስፒዝም ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የራሱ እንደ ሆነ ተናግሮ ሻንጣውን አነሣ።