ስለ ጠጕር አሠራርና ስለ ዕለት ተግባር

ስለ ጠጕር አሠራር መጻፍ ለብዙ ሊቃውንት የማይገባ ሥራ ሆኖ ይታያቸዋል። ጠጕር የመስተዋት ነገር ነው፥ መስተዋትም የወጣቶች ነው ብለው ይንቁታል። ዳሩ ግን ሰው በጧት ተነሥቶ ከሁሉ አስቀድሞ ከሚወስናቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ከጊዜው ምን ያህሉን ለመልኩ፥ ምን ያህሉን ለሥራው፥ ምን ያህሉንስ ለሌላ ሰው እንዳዋለ በራሱ ላይ ይነበባል። ስለዚህ ነገሩ ቀላል ቢመስልም ቅሉ ከፍርድ የሚያመልጥ አይደለም።

ብዙ ሰው «የትኛው አሠራር ያምርብኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ነውር የለበትም። ፊቱ ክብ የሆነ ሰው ጠጕሩን ወደ ላይ ቢያነሣ፥ ግንባሩ ከፍ ያለ ደግሞ ጥቂት ወደ ፊት ቢያወርድ መልኩ ይስተካከልለታል፤ ይህን ማንም ጠጕር ሠሪ ያውቀዋል። ነገር ግን መስተዋት የሚያሳየው የአንዲት ደቂቃን መልክ ነው። ከመስተዋቱ ፊት ከተነሡ በኋላ ፀሓይ፥ አቧራ፥ የምድጃ ጢስ፥ እንቅልፍም ይጠብቃሉ። በማለዳ ያማረው በሠርክ ምን እንደሚሆን ያላሰበ ሰው የማይዘልቅ ውበት ይዞ ከቤቱ ይወጣል።

የጠጕርም ጠባይ ሊታወቅ ይገባል። የሰው ጠጕር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ እንግዲህ በአንድ ሰዓት ችኰላ የተቈረጠው እስከ ትከሻ ለመመለስ ከ2 ዓመት በላይ ይፈልጋል። የራስ ቆዳ የሚያወጣው ወዝ በልሙጥ ጠጕር ላይ እስከ ጫፍ ይወርዳል፤ በተጠቀለለ ጠጕር ላይ ግን በየጥምዝምዙ ይቀርና ጫፉ ይደርቃል፥ ይሰበራልም። የአገራችን እናቶች ለጋ ቅቤ መቀባታቸው ለዚህ ድርቀት መድኃኒት ነው። ሹሩባም ጠጕሩን ሰብስቦ ከነፋስና ከአቧራ ስለሚያድነው ከጌጥነቱ በፊት ጥበቃ ነው። ሆኖም አጥብቆ የተጐነጐነ ሹሩባ ዘወትር ሲደጋገም የግንባሩን ዳር ጠጕር ከሥሩ ይነቅለዋል፤ ነገሩ ለብዙ ዓመት ከቈየ የተነቀለው አይመለስም። ልጃገረዶችን «ቻይው፥ ያምርብሻል» እያሉ የሚያስለቅሱ ሰዎች ይህን ቢያውቁ መልካም ነበር።

አሁን ደግሞ ጊዜው ይቈጠር። በየጧቱ ግማሽ ሰዓት ጠጕርዋን ለማሳመር የምታውል ሴት በዓመት 182 ሰዓት ያህል ታጠፋለች፤ ይህም ከ7 ቀንና ከ7 ሌሊት ይበልጣል። በየሁለት ሳምንቱ 3 ሰዓት ተቀምጣ ሹሩባ የምታሠራ ግን በዓመት 78 ሰዓት ይበቃታል። በዚህ ሒሳብ ሹሩባ የረታ ይመስላል። ነገር ግን ሒሳቡ አንድ ሰው ረስቷል። ሰው የገዛ ማጅራቱን አያይምና የራሱን ሹሩባ ደኅና አድርጎ መጐንጐን ይቸግረዋል። ከኋላ ተቀምጣ በወስፌ እየከፈለች የምትጐነጕነው ሴትም 78 ሰዓትዋን ትሰጣለች፤ ሁለቱ ሲደመሩ 156 ይሆናል። ሠሪዋ በገንዘብ የምትሠራ ብትሆን ዋጋዋ ይከፈላታል። እኅት፥ እናት ወይም ጎረቤት ብትሆንስ? የመልክ ጥያቄ የፍትሕ ጥያቄ የሚሆነው ከዚህ ላይ ነው።

የንጉሥ ዳዊት ልጅ አቤሴሎም በየዓመቱ ጠጕሩን ይቈረጥ የነበረው ስለ ከበደው እንደ ሆነ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ተጽፏል። አንዳንድ ሰባክያን በጠጕሩ ተንጠልጥሎ ሞተ እያሉ የትዕቢት ምሳሌ ያደርጉታል፤ መጽሐፉ ግን በዛፍ የተያዘው ራሱ እንደ ሆነ ይናገራል እንጂ በዚያ ስፍራ ጠጕሩን አያነሣም። ጠጕር ያልሠራውን ኃጢአት ሲሸከም የመጀመሪያው አይደለም።

በኢትዮጵያ ጠጕር የሰውን ሁኔታ ሲናገር ኖሯል። ወንድ ልጅ በቍንጮው፥ ልጃገረድ በጋሜዋ ትታወቅ ነበር፤ ባልዋ የሞተባት ሴት ራስዋን ትላጭ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ ሹሩባቸውን ወደ ኋላ ተጐንጕነው በሥዕል ይታያሉ። ያን ጊዜ ሰው የጠጕሩን ነገር ለመምረጥ ብዙም አይደክምም ነበር፤ ዕድሜውና ማዕርጉ ይመርጡለት ነበርና። ዛሬ ምርጫው በባለቤቱ እጅ ገብቷል፤ ሆኖም የቀድሞውን ምልክት የሚያነቡ ዐይኖች ገና አልጠፉም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ዱር ቤቴ ብለው ጠላትን የተዋጉት አርበኞች ጐፈሬ እንዲህ ያለ ምልክት ነበረ። በዱር ውስጥ ለመቀስና ለምላጭ ጊዜ አልነበረም፤ የችግር የነበረው ውሎ አድሮ የእምቢታ ሆነ። ፎቶግራፋቸውን ያየ ሰው ጐፈሬውን ከጠመንጃው ለይቶ ሊያስበው አይችልም። ያ ጠጕር ለኑሯቸውም ለዓላማቸውም የተስማማ ነበር፤ በጽሕፈት ቤት የሚውል ሰው ያንኑ ቢያሳድግ ግን ሚዶውንና ቅቤውን ይወርሳል እንጂ ዱሩን አይወርስም።

እንግዲህ ጠጕር ለዕለት ሥራ ብቻ ይገዛ የሚል ቢኖር እንጀራ ጋጋሪዋን ይመልከት። በጢስ ውስጥ የምትውል ስለ ሆነች ጠጕርዋን በሻሽ ትሸፍናለች። ሥራዋ ብቻ ቢጠየቅ አሳጥሮ መቈረጥ በተሻላት ነበር። ነገር ግን የመስቀልና የጥምቀት ዋዜማ ሲደርስ ሹሩባ ታሠራለች፥ በበዓሉም ሻሹን ታወልቃለች። ዓመቱን ሙሉ የደበቀችውን ለጥቂት ቀን ደስታ ጠብቃ ማኖርዋ ከንቱ ነው የሚላት ሰው፥ እርስዋን ከምጣዱ ለይቶ ያላያት ነው።

ክርክሩ ይበልጥ የሚከብደው ግን በሚከተለው ነገር ነው። በአዲስ አበባ የምትኖር፥ ቀንና ሌሊት እየተፈራረቀች የምትሠራ አንዲት ነርስ አለች እንበል። ከልጅነትዋ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እናትዋ ከኋላዋ ተቀምጠው ይጐነጕኑላት ነበር። አሁን ግን የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ቅዳሜ ስትገባ እንቅልፍ ይጥላታል፤ የቅቤው ሽታ ሕመምተኞችን እንደሚያስቸግር ታውቃለች፤ በሥራ ቆብ ሥር የተጨመቀው ሹሩባም ራስዋን ያማታል። አንድ ቀን ሄዳ አሳጥራ ተቈረጠች። መስተዋቱ መሰከረላት፥ ሥራዋም መሰከረላት። ወደ ቤት ስትገባ ግን የእናትዋ የመጀመሪያ ቃል «ልጄ፥ ማን ሞተብን?» የሚል ሆነ።

ለማን ይፈረድ? ልጅቱ በመቈረጥዋ አልበደለችም፤ ድካሙን የምትሸከመው እርስዋ ናትና። ነገር ግን ያ ጠጕር 20 ዓመት ሙሉ በሌላ ሰው እጅ ተጠብቆ የኖረ ነው። ከላይ በተቈጠረው ሒሳብ እናትዮዋ 1,560 ሰዓት ሰጥተውበታል። ይህን ያህል የሰጠ ሰው ባለቤት ባይሆንም እንግዳ ሊባል አይችልም። ጥፋቱ መቀሱ አይደለም፤ ዝምታው ነው። አስቀድማ ብትነግራቸው ይከራከሩ፥ ምናልባትም ያለቅሱ ነበር፤ መርዶ እንደ ሰማ ሰው ግን በደጃፋቸው ባልደነገጡ ነበር። እናትዮዋም ወር ሙሉ ቢያኰርፉ በደሉ ወደ እርሳቸው ይዞራል። የደከሙት ለጠጕሩ ነበር ወይስ ለልጅቱ? ይህን የሚያሳዩበት ጊዜ መጥቷልና።

ሰው ሠራሽ ጠጕር አድርጋ እናትዋን ለማስደሰት ትችል ነበር የሚል አይጠፋም። ይህ ምክር የእናትን እጅ የማያውቅ ሰው ምክር ነው፤ ገና ሲነካው ይለየዋል።

ሁለት ሳምንት አልፎ ቅዳሜ ሲደርስ እናትዮዋ በተለመደው ሰዓት በርጩማቸውን አውጥተው ይቀመጣሉ እንበል። ወስፌው በሞሰቡ ውስጥ ቀርቷል። ልጅቱ ሳትጠራ መጥታ ከእግራቸው ሥር ትቀመጣለች። ሽታ የሌለው ጥቂት ቅባት በመዳፋቸው አሽተው አጭሩን ጠጕር ያለሰልሱታል። ሥራው ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ግን እጃቸውን ከልጃቸው ራስ ላይ አያነሡም፤ ልጅቱም እንቅልፍዋ ቢመጣ ራስዋን በጉልበታቸው ላይ ታሳርፋለች።