ስሙ ይጻፍለት፤ የልጅ ሐቅ ነው

 

ልጅ ሲወለድ ስም እናወጣለን፣ በሰባተኛው ቀን አቂቃ እናርዳለን፣ ጎረቤት ጠርተን ዱዓ እናስደርጋለን። አልሐምዱሊላህ፣ ያማረ ሱንና ነው። የልደት ምዝገባው ግን «ትምህርት ቤት ሲገባ ይደርሳል» እየተባለ ይቆያል።

ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በኸሊፋነታቸው ዘመን የሙስሊሞች ስም የሚሰፍርበትን ዲዋን አቋቁመው፣ ከበይተልማል ለየሰዉ ድርሻ ቆርጠው ነበር። ለሕፃን ድርሻ የሚታሰበው ጡት ከጣለ በኋላ ነበር። እንደተዘገበው፣ አንድ ሌሊት መዲና ዳር ያረፉ መንገደኞችን ሲጠብቁ የሕፃን ለቅሶ ሰሙ። ደጋግመው እናቲቱን ጠየቋት። እሷም ማን እንደሆኑ ሳታውቅ፣ ድርሻው ቶሎ እንዲቆረጥለት ብላ ያለጊዜው ጡት እያስጣለችው መሆኑን ነገረቻቸው። ዑመር በፈጅር ሶላት ላይ ከለቅሷቸው የተነሳ ቂርኣታቸው አልሰማ አለ። ከዚያም ድርሻው ልጁ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እንዲታሰብ አወጁ።

ሱብሃነላህ! ዑመር የልጅ ሐቅ ከመጀመሪያዋ ቀን እንደሚጀምር ተረዱ። እኛስ?

አላህ በሱረቱል አሕዛብ 5ኛ አንቀጽ ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ አዟል። ነሰብን መጠበቅ ዲናችን ነው። ዛሬ ጎረቤት ያውቀዋል፤ ነገ አባት ቢሞት፣ እናት ብትሰደድ፣ ቤተሰቡ ቢፈናቀል ግን ማን ይመሰክርለታል? ውርስ ሲካፈል «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል ወረቀቱ ይናገርለታል።

በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ልጅ ስምና ዜግነት የማግኘት መብት አለው። ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁም ኢትዮጵያዊ ነው። ምዝገባው ዜግነቱን አይፈጥረውም፤ ማረጋገጫ ይሆነዋል እንጂ። በተለይ በዐረብ አገር ለሚወለዱ የወገኖቻችን ልጆች ይህ ማረጋገጫ የአገራቸው መግቢያ በር ነው። እዚያ ያላችሁ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ማስመዝገብ እንደምትችሉ አትዘንጉ።

ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ዕድሜዋ በመዝገብ ያልተያዘች ልጅ፣ «አሥራ ስምንት ሞልቷታል» ተብላ ልትዳር ወይም ዕድሜዋ ተጨምሮ ለቤት ሠራተኝነት ልትላክ ትችላለች። ወገኖቼ፣ ያልሞላውን ሞላ ብሎ መመስከር የሐሰት ምስክርነት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከታላላቅ ወንጀሎች ቆጥረውታል።

ምን እናድርግ? በአገራችን ልደት የሚመዘገበው በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ነው። ጤና ተቋም የተወለደ ከሆነ የሚሰጠውን የልደት ማሳወቂያ ይዛችሁ፣ መታወቂያችሁን ጨምራችሁ ወደ ቀበሌው ወይም ወደ ወረዳው የኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። አንዱ ወላጅ ባይኖር ሌላው ማስመዝገብ ይችላል። ቀኑ ካለፈም አትተዉት፤ ዘግይቶም ይመዘገባል።

ገና ያላገባችሁም አላችሁ። ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት ስትመለሱ ቤት ውስጥ ጠይቁ፦ የታናሽ እህታችን የልደት ሰርተፍኬት የታለ? የእህታችሁ አራስ ልጅስ? ማንበብ የማይችሉ ጎረቤት ካሉ አብራችሁ ሂዱላቸው። ለየቲም ልጅ ስሙን ማስጻፍ ትልቅ ኸይር ነው።

አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን፣ አማናቸውን የምንወጣ ያድርገን። አሚን። በዛሬው ቀን በነቢያችን ላይ ሶለዋት ማብዛትን አንርሳ።