ቅምሻና ይሉኝታ

የቦድሮግና የቲሳ ወንዞች በሚገናኙበት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የሀንጋሪ የቶካይ አውራጃ፣ የወይን ጠጅ የሚቀመጠው ከእሳተ ገሞራ ዓለት ተፈልፍሎ በተሠራ ጠባብ ምድር ቤት ነው። በጥር በረዶ ጎንበስ ብሎ የሚገባ እንግዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ሙቀት ነው። በሐምሌ የገባውን ግን ብርድ ብርድ ይለዋል። የሙቀት መለኪያው በሁለቱም ወራት የሚያሳየው ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ነው፤ የተለወጠው ገቢው እንጂ ቤቱ አይደለም። ከበርሜሎቹ በሚተነው አልኮል የሚኖር ጥቁር ሻጋታ ግድግዳውን እንደ ለምድ አልብሶታል።

ባለቤቱ በረጅም የመስታወት መቅጃ ከበርሜሉ ይቀዳና በየብርጭቆው ጥቂት ጥቂት ያደርጋል። ከዚያም ዝም ብሎ የእንግዶቹን ፊት ይመለከታል። እንግዲህ ጥያቄው የሚነሣው በዚህች ቅጽበት ነው፤ ቀማሽ ለጋባዡ የሚገባው ምስጋና ነው ወይስ እውነት?

የጋባዥን እጅ ማሳፈር ነውር መሆኑን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። በቀድሞው ግብር ቤት ጠጁን በመዳፉ ጠብ አድርጎ አስቀድሞ የሚቀምሰው አሳላፊ እንኳ የሚመሰክረው መርዝ የሌለበት ስለ መሆኑ እንጂ ስለ ጣዕሙ አልነበረም። ይሉኝታ ጉባኤን ያስከብራል፤ ይህ አይካድም።

ይሁንና የበረዶው ወራት ቅምሻ ከግብዣ ይለያል። ፍሬው ገና በመከር ተለቅሟል፤ በተለይም በተክሉ ላይ እንዳለ ሻጋታ ያኮማተረው፣ ለስሙ መነሻ የሆነው ፍሬ አንድ በአንድ በእጅ የሚለቀም ነው። አዲሱ ጠጅ ገና ድፍርስ ነው፤ የትኛው በርሜል ከየትኛው ጋር እንደሚቀላቀል አልተቆረጠም። የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ቢኖረው፣ በጊዜው ወደ ሌላ በርሜል ተገልብጦ ነፋስ ካገኘ ሊለቀው ይችላል። ጠርሙስ ከገባ በኋላ ግን መላው ጠባብ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በዚያው ሽታ ውስጥ ሲውል አፍንጫው ይለምደውና አይሰማውም። የእንግዳው ምላስ የሚፈለገውም ስለዚህ ነው። «ግሩም ነው!» ብሎ የሚያልፍ ሰው ታዲያ ባለቤቱን አከበረው ወይስ ታማሚውን በርሜል ከጤነኛው ጋር እንዲቀላቅል ፈረደበት?

ጣዕም በጠጪው እንጂ በጠጁ የለም፣ ስለዚህ እውነት የሚባል ነገር አይጠየቅም የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በቦርዶ የወጣ ጥናት የሚደግፋቸው ይመስላል። ነጭ የወይን ጠጅ ሽታ በሌለው ቀለም ቀልቶ ለ54 የወይን ጠጅ ሙያ ተማሪዎች ቢቀርብላቸው፣ የገለጹት ለቀይ ጠጅ በሚነገሩ ቃላት ነበር። ነገር ግን ይህ የሚያስረዳው ምላስ መዋሸቱን ሳይሆን ዓይን ቀድሞ መናገሩን ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1757 ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም ስለ ጣዕም መለኪያ በጻፈው ድርሰት፣ ከሰርቫንቴስ ዶን ኪኾቴ የተወሰደ አንድ ታሪክ ይገኛል። ሁለት የሳንቾ ዘመዶች ስለ አንድ በርሜል ጠጅ ይጠየቃሉ። አንዱ መልካም ነው፣ ብቻ ቆዳ ቆዳ ይላል አለ፤ ሁለተኛውም መልካምነቱን አምኖ ብረት ብረት ይላል አለ። ተሳቀባቸው። በርሜሉ ሲያልቅ ግን የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው አሮጌ ቁልፍ ከሥሩ ተገኘ። ሂዩም ታሪኩን ያመጣው የጠራ ጣዕም ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ነው። ሰዎቹ ጠጁን አለማንቋሸሻቸው ግን ከዚያ ያላነሰ ቁም ነገር አለው። መልካምነቱን መሰከሩ፤ የተሰማቸውን ጨመሩ፤ ከዚያ አላለፉም። ስለ ቁልፍ አላወቁም፤ እናውቃለንም አላሉም። በርሜሉ እስኪያልቅ የነበረውን ሳቅ የቻሉት ደግሞ ብቻቸውን ነው።

ከእንግዶቹ አንዱ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው መልሶ «ይኼኛውስ እንቁላል እንቁላል ይለኛል» ቢል፣ ምድር ቤቱ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ይላል። ባለቤቱ ራሱ ይቀዳል፣ ያሸታል፤ ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ በበርሜሉ ግንባር ላይ አንድ መስመር ያሰምርና መቅጃውን ይዞ ወደሚቀጥለው ያልፋል።